የራሴ ጥይት ሽጉጤ ውስጥ ይነክሳል፣ ራምፑን ልሞርደው ወይ?

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «አሜሪካ ነው ያለሁት። 9 ሚሊ ጥይት ጋራዤ ውስጥ ራሴ መሙላት ከጀመርኩ 3 ወር ሆነኝ። ሽጉጤ ሲዚ 75 ነው፣ በፋብሪካ ጥይት አንድም ቀን ነክሶብኝ አያውቅም። እኔ በሞላሁት ግን ከ10ሩ አንዱ ስላይዱ (ላይኛው ተንሸራታች ብረት) ጨርሶ ሳይዘጋ ትንሽ ቀርቶት ይቆማል፣ በመዳፌ ስገፋው አንዳንዴ ይዘጋል አንዳንዴ እምቢ ይላል። አረሩ 124 ግሬን ክብ አፍንጫ፣ ፓውደር ኮት የተደረገ (በቀለም ዱቄት የተለበጠ) እርሳስ ነው፣ ጠቅላላ ርዝመቱን መጽሐፉ ላይ እንዳለው 1.150 ኢንች አድርጌዋለሁ። ተኩስ ሜዳ ያገኘሁት ሰው የበርሜሉን ራምፕ (ጥይቱ ከካዝና ወጥቶ ወደ በርሜል የሚንሸራተትበትን ተዳፋት) ሞርደው አለኝ። ልሞርደው?»

ወንድሜ፣ ሞረዱን አስቀምጠው። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እንደርስበታለን ይቺን ግን መጀመሪያ ልበል፣ ምክንያቱም በጥይቱ ላይ የሰራኸው ስህተት ሁሉ ፈተኸው ድጋሚ ትሰራዋለህ፣ የተሞረደ በርሜል ግን በቃ ሌላ መግዛት ነው።

እስቲ አስበው፣ ያው ሽጉጥ ያው ካዝና የፋብሪካ ጥይት ሲሰጡት ሳያንገራግር ይጎርሳል። ምጣድህ የጎረቤትህን ሊጥ እንጀራ አድርጎ እያወጣ ያንተን ብቻ ከያዘ ምጣዱን ትጠርባለህ እንዴ? ሊጥህን ነው የምታየው። እዚህም እንደዛው ነው፣ ሽጉጡ ጤነኛ ነው፣ ጥይቱ የሆነ ቦታ ላይ ከልኩ ወጥቷል፣ ስራችን የት ጋ እንደወጣ ማግኘት ነው፣ እሱ ደግሞ በሞረድ ሳይሆን በአንድ ጥቁር ማርከር ይገኛል።

ራምፕ ሲሞረድ የሚሆነውን ግን ልንገርህ፣ ምክሩን የሰጠህ ሰው ለሌላም እንዳይሰጥ። ጥይቱ ቻምበር (ሲተኮስ የሚቀመጥበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል) ሲገባ ቀለሁን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው የበርሜሉ ግድግዳ ነው። ከታች በኩል ግን ለራምፑ ሲባል ብረቱ ስለተቆረጠ የቀለሁ ቂጥ ትንሽ ያለ ድጋፍ ይቀራል። ፋብሪካው ያቺን ክፍተት አስልቶ ነው የተዋት፣ 9 ሚሊ እስከ 35,000 ፒኤስአይ ግፊት የተፈቀደለት ጥይት ነውና። አንተ ሞርደህ ራምፑን ወደ ውስጥ ስትገፋው ያልተደገፈው ናስ ይሰፋል፣ እዛ ጋ ከተቀደደ ደግሞ ጋዙ የሚወጣው ወደ ታች በካዝናው በኩል ነው፣ ማለትም በእጅህ ውስጥ። አንድ ልጅ በትንሽ መሞረጃ ማሽን ቤቱ የሰራውን 1911 የሚባል ሽጉጥ በርሜል ይዞልኝ መጥቶ ያውቃል። ቀለሁ ከታች አብጦ ተቀዷል፣ ካዝናው ከእጀታው ውስጥ ተወርውሮ ወርዷል፣ የእጀታው እንጨት ለሁለት ተሰንጥቋል፣ እሱ ጣቱ አብጦ ለሳምንት ከማመሙ በቀር ምንም አልሆነም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያንን ቀለህ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ሊሞርድ ለሚመጣ ሰው ሁሉ አሳየዋለሁ።

ደግሞም ያንተ ምልክት ራሱ ራምፑን ነፃ ያወጣዋል። ሽጉጥ ነከሰ ስንል ባንድ ቃል እንጠራዋለን እንጂ የሚቆምበት ቦታ ይለያያል፣ ቦታው ነው ምክንያቱን የሚነግርህ። አፍንጫው ራምፑ ላይ ተደግፎ ወደ ታች ተቀርቅሮ የሚቆም ከሆነ ስለ ካዝናና ስለ አጭር ጥይት እናወራ ነበር። ያንተ ግን ራምፑን አልፎ ቻምበር ገብቷል፣ እምቢ ያለው የመጨረሻዋን አንድ ሁለት ሚሊ ነው። ራምፑ የሱን ድርሻ ጨርሷል።

በመዳፍ መግፋቱን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ተው። የማይገባን ጥይት በግድ ስታስገባው ወይ አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል (እሱ ምን እንደሚያመጣ ታች እመጣበታለሁ) ወይ ደግሞ አፍንጫው በርሜሉ ውስጥ ባለው ጠመዝማዛ መስመር፣ ሪፍሊንግ በሚሉት ላይ ይሰነቀራል፣ ከዛ ጥይቱን ላውጣ ብለህ ስላይዱን ስትስብ ቀለሁ ብቻ ይወጣና አረሩ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ባሩዱ ሽጉጡ ውስጥ ይዘረገፋል። ይሄ የሚሆን ነገር ነው፣ ለማስፈራራት አይደለም የምልህ። ስላይዱ ካልዘጋ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞርክ ካዝናውን አውጣ፣ ስላይዱን ስበህ ጥይቱን አውጣ፣ ለብቻው ማስቀመጫ ውስጥ ክተተው። ያ ጥይት ማስረጃህ ነው፣ አትጣለው፣ ድጋሚም አታጉርሰው።

እሺ አሁን ወደ ዋናው። 9 ሚሊ እንደ ሪቮልቨር ጥይት ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ከንፈር የለውም። ቻምበሩ ውስጥ ወደ ፊት በኩል ስስ ደረጃ አለች፣ የቀለሁ አፍ ሄዶ የሚያርፈው እዛች ላይ ነው፣ ጥይቱ ስንት ድረስ እንደሚገባ የምትወስነው እሷ ናት። ከደረጃዋ ወደ ፊት ደግሞ አረሩ ብቻ የሚገባበት ትንሽ ባዶ ቦታ አለ፣ የበርሜሉ ጉሮሮ በለው፣ ከዛ ሪፍሊንጉ ይጀምራል። ያ ጉሮሮ ከሽጉጥ ሽጉጥ ይለያያል፣ የሲዚ ደግሞ አጭር በመሆኑ የታወቀ ነው፣ 9 ሚሊ ለሚሞላ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚነገረው ነገር ነው። በሌላ ሰው ሽጉጥ ውስጥ ሰተት ብሎ የሚገባ ጥይት ሲዚ ላይ አፍንጫው ሪፍሊንጉን ነክቶ ይቆማል። አንተን ሳይህ 90 ከመቶ የምጠረጥረው እሱን ነው። ፓውደር ኮት የተደረገ እርሳስ ብዙ ጊዜ 0.356 ኢንች ነው፣ የመዳብ ጃኬት ያለው 0.355፣ እርሳሱ ላይ ደግሞ ሙሉ ውፍረቱ ወደ አፍንጫው ድረስ ይሄዳል፣ ስለዚ ርዝመቱ ከፋብሪካ ጥይት ጋር እኩል ሆኖ እንኳን ትከሻው ቀድሞ ሪፍሊንግ ጋ ይደርሳል።

መጽሐፉ ላይ 1.150 ይላል አልክ። መጽሐፉ አልዋሸም፣ ግን ያ ቁጥር ለነሱ አረር በነሱ በርሜል የተለካ ነው። ሳሚ የሚባለው የአሜሪካ የመሳሪያና ጥይት አምራቾች ደረጃ አውጪ ለ9 ሚሊ የፈቀደው ትልቁ ርዝመት 1.169 ኢንች ነው፣ 29.69 ሚሊሜትር። ይሄ ከዚህ አትለፍ የሚል ጣሪያ ነው እንጂ እዚህ ድረስ ይገባል የሚል ዋስትና አይደለም። ላንተ ሽጉጥ ትክክለኛውን ርዝመት የሚያውቀው ያንተ በርሜል ብቻ ነው።

ስለዚህ በርሜሉን ጠይቀው። ሽጉጡን ባዶ መሆኑን በአይንህም በጣትህም አረጋግጠህ ፍታው፣ በርሜሉን አውጥተህ ቻምበሩን በደንብ አፅዳ፣ የቀረውን ሽጉጥ ራቅ አድርገህ አስቀምጥ። ከዛ ያለ ባሩድና ያለ ፕራይመር (ቂጡ ላይ ያለችው ባሩዱን የምታቀጣጥል ቆብ) ባዶ ሞዴል ጥይት ስራ፣ ሳይዝ የተደረገ (ወደ ልኩ የተጠበበ) ቀለህ፣ አረር፣ ክሪምፕ (አረር ለመትከል የተከፈተውን የቀለህ አፍ መልሶ መዝጋት)፣ በቃ። ከጎኑ በማርከር ምልክት አድርግበት ከእውነተኛ ጥይት ጋር እንዳይቀላቀል። በርሜሉን አፈሙዙን ወደ ታች አድርገህ ያዝና ሞዴሉን ልቀቀው። ልክ የሆነ ጥይት ጧ ብሎ ነው የሚገባው፣ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ፣ ቂጡ ከበርሜሉ የኋላ ጫፍ ጋር ይስተካከላል፣ በጣትህ ስታሽከረክረው ያለ ምንም መጎተት ይዞራል፣ በርሜሉን ስትገለብጠው በራሱ ክብደት ይወድቃል። አራቱም መሟላት አለባቸው። ገብቶ ሲዞር ሻካራ ነገር ከተሰማህ፣ ወይም ስትገለብጠው ለመውደቅ መታ መታ ማድረግ ካስፈለገህ፣ አልገባም ማለት ነው፣ ለራስህ አትዋሽ።

ካልገባ ማርከሩ ይመጣል። ሞዴሉን ከአፍንጫው እስከ ቂጡ ድረስ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀባው፣ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ በርሜሉ ውስጥ ጣለውና በቀስታ አንድ ዙር አዙረህ አውጣው። ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ ነው መልስህ። በደንብ ብርሃን ባለበት ቦታ እየዞርክ እየው፣ አንዳንዴ የፀጉር ያህል ቀጭን ናት።

አረሩ ላይ፣ ከቀለሁ አፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ትከሻው ላይ፣ ጭረቶች በእኩል ርቀት ዙሪያውን ካየህ ሪፍሊንጉ ነው የነካው፣ ረዝሟል። የቀለሁ አፍ ጠርዝ ላይ ክብ ሆኖ ከተፋቀ ክሪምፑ አንሷል፣ አረር ስትተክል አፉን የከፈትካት ጥሩምባ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋችም ማለት ነው። ወገቡ ላይ ባንድ በኩል ብቻ ከሆነ አረሩ ጠሞ ተተክሏል፣ ቀለሁ በዛ በኩል አብጧል። ወገቡ ላይ ዙሪያውን ከሆነ አረሩ ለዛ ቀለህ ወፍሯል ወይ ቀለሁ ግድግዳው ወፍራም ነው። ወደ ቂጡ ጋ ከሆነ ደግሞ ሳይዝ የሚያደርገው ዳይ (ፕሬሱ፣ ማለትም መጫኛው ማሽን ላይ የሚታሰረው ቅርፅ ማስያዣ ብረት) በቂ አልወረደም፣ ብዙ ጊዜ ዳዩ ሼል ሆልደሩን፣ ቀለሁን ከታች የሚይዘውን ብረት፣ እንዲነካ ተደርጎ አልታሰረም።

ይሄን አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ከ10 የተለያዩ ጥይቶችህ ጋር ስራው፣ በተለይ ከነከሱብህ ጋር። (የነከሱት ባሩድና ፕራይመር ስላላቸው ሽጉጥ ውስጥ ሳይሆን በባዶው በርሜል ብቻ፣ ተጠንቅቀህ፣ ሳትገፋና ሳትመታ።) ከዛ በኋላ ማንንም መጠየቅ ላያስፈልግህ ይችላል።

ርዝመቱ ከሆነ ያገኘኸው፣ እኔም እሱ ይመስለኛል፣ ማስተካከያው እንዲህ ነው። ሞዴሉን ከ1.150 ጀምረህ የሲቲንግ ዳዩን (አረሩን የሚተክለውን) ጥቂት ጥቂት እያጠበቅክ አሳጥረው፣ በየጊዜው በርሜል ውስጥ እየጣልክ አዙረው። በነፃ የሚዞርባትን የመጀመሪያዋን ርዝመት ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ለካትና ፃፋት። ከሷ ላይ 15 ሺኛ ኢንች (0.38 ሚሊሜትር) ቀንስ፣ ያቺ የስራ ርዝመትህ ናት። ቅነሳው የሚያስፈልገው አረር ከአረር ትንሽ ስለሚለያይ፣ ፕሬሱም ሁሌ አንድ አይነት ስለማይተክል፣ በርሜሉም ከ200 ተኩስ በኋላ ስለሚቆሽሽ ነው። ለምሳሌ በ1.100 ላይ መዞር ከጀመረ 1.085 ትሰራለህ። ቁጥሩን ከኔ እንዳትወስድ፣ ምሳሌ ነው፣ በርሜልህን ለካ። አረር በቀየርክ ቁጥርም ድጋሚ ትለካለህ፣ ያው ክብደት ያው ክብ አፍንጫ ቢሆንም የሌላ አምራች ከሆነ የአፍንጫው ቅርፅ ሌላ ነው፣ ከርዝመት ቁጥሩ ይልቅ የሚወስነው እሱ ነው።

አሁን ግን ቁም። አረሩን ወደ ውስጥ ባስገባኸው ቁጥር ቀለሁ ውስጥ ለባሩዱ የቀረው ቦታ ይጠባል፣ 9 ሚሊ ደግሞ ድሮም ሆዱ ትንሽ ነው፣ ቦታው ሲጠብ ግፊቱ ቀስ እያለ አይደለም የሚጨምረው፣ ዘሎ ነው። ስለዚህ በ1.150 ስትጠቀምበት የነበረውን የባሩድ መጠን እንዳለ ይዘህ 1.085 ላይ አትሙላ። ለዛ አረር አይነት በታተመ መረጃ ላይ ካለው የመነሻ መጠን ጀምር፣ በተለይ አጠር ያለ ርዝመት የያዘ መረጃ ፈልግ፣ ከዛ በትንሽ በትንሹ ከፍ እያልክ ሽጉጡ ሲሰራ ቁም። ከጓደኛ የተሰማ መጠን፣ ከኔም ቢሆን፣ አትጠቀም። ለዚህ ነው እዚህ አንድም የባሩድ ቁጥር የማልፅፍልህ።

ክሪምፕ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ለ9 ሚሊ ክሪምፕ አረሩን ማሰሪያ አይደለም። አረሩን አንቆ የሚይዘው ሳይዝ ሲደረግ የጠበበው የቀለሁ ግድግዳ ራሱ ነው፣ ክሪምፑ የሚሰራው ጥሩምባዋን መልሶ መዝጋት ብቻ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ የቀለሁ ግድግዳ አፉ ጋ 11 ሺኛ ገደማ ውፍረት አለው፣ ሁለቱ ጎን 22፣ አረሩ 355፣ ድምሩ 377። ሳሚ አፉ ላይ የሚፈቅደው ትልቁ 0.380 ነው። እንግዲህ ከ0.377 እስከ 0.379 ድረስ ከሆንክ ጥሩ ነህ፣ ባንተ 0.356 እርሳስ ወደ 0.378 ጋ ይመጣል። የሚለካው በካሊፐሩ ስስ ጫፍ አፉ ጠርዝ ላይ ነው፣ ትንሽ ዝቅ ካልክ ሌላ ቁጥር ታገኛለህ።

ጥሩ ይያዝልኝ ብሎ አጥብቆ ክሪምፕ የሚያደርግ ሰው ሳያውቅ እያላላው ነው። ናስ ሲጫኑት ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እርሳስ አይመለስም፣ ስለዚ ስትለቀው አረሩ ቀጥኖ ይቀራል ቀለሁ ግን ተመልሶ ይከፈታል፣ በመሀል መያዣው ጠፋ። አንድ ጥይት በመዶሻ ፑለር (አረሩን በምት ከቀለሁ በሚያወጣው መሳሪያ) ፈተህ አረሩን እየው፣ የቀለሁ አፍ የነካበት ቦታ ላይ ለጥፍርህ የምትሰማ ቀለበት ተቆርጣ ከሆነ ወይም የፓውደር ኮቱ ቀለም ተልጦ እርሳሱ ከታየ በዝቷል፣ ፈታ አድርገው። የቀለሁን አፍ ወደ ውስጥ አጥፎ አረሩ ውስጥ የሚነክረው የሪቮልቨር ክሪምፕ፣ ሮል ክሪምፕ የሚባለው፣ እዚህ ቦታ የለውም፣ አፉ ደረጃዋ ላይ ማረፍ አለበት ብያለሁ፣ አፍ ከሌለው ምን ላይ ያርፋል?

አፉን መክፈት ላይ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት አለ። ጥሩምባዋ ካነሰች እርሳሱ ሲተከል ጫፉ ይላጣል፣ አፉ ጋ ቀጭን የእርሳስ ወይም የቀለም ቀለበት ይሰበሰባል፣ እሷም ጥይቱን ከመግባት ታግደዋለች። ሲተክሉና ክሪምፕ ሲያደርጉ ባንድ ዳይ ባንድ ጊዜ የሚሰሩ ሰዎች ላይም ይሄው ይመጣል፣ አፉ እየተዘጋ አረሩ ገና እየወረደ ነው። ሁለቱን ለያይ፣ አንድ ዳይ ለመትከል አንድ ለክሪምፕ፣ ለእርሳስ በተለይ። ከታች የካርባይድ ቀለበት ያለው የክሪምፕ ዳይ ካለህ ደግሞ እርሳስ ላይ ተጠንቀቅ፣ ሲወጣ ሲወርድ ሙሉ ጥይቱን ስለሚጨምቀው ውስጥ ያለውን አረር ያቀጥነዋል፣ ጥይቱ ሰተት ብሎ ይገባልሃል አረሩ ግን ላልቷል።

መላላት ያልኩት ለምን እንደሚያስፈራኝ፦ ጥይት ከካዝና ሲወጣ አፍንጫው ራምፑን መትቶ ነው የሚወጣው። አረሩ በደንብ ካልተያዘ በዛ ምት ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ከላይ እንዳልኩህ ቦታው ይጠባል፣ ግፊቱ ይዘላል። መፈተኛው ይሄ ነው፣ 5 ባዶ ሞዴሎች ለካና ፃፍ፣ በካዝና አድርገህ ስላይዱን ለቀህ እያስገባህ አውጣቸው፣ ድጋሚ ለካ። ከ3 ሺኛ በላይ ያጠረ ካለ እኔ ያንን ጥይት አልተኩሰውም፣ ሳይዝ ዳዩንና አፍ መክፈቻውን አያለሁ። ይሄን ሙከራ በባዶ ሞዴል ብቻ፣ ቤት ውስጥ በእውነተኛ ጥይት ማቀባበል የለም፣ ልጆች ካሉህማ ጭራሽ።

ቀለሁም ሊሆን ይችላል። ከተኩስ ሜዳ የተለቀመ ቀለህ መሀል የማይቀላቀል ነገር የለም። የ380 ቀለህ 17 ሚሊ ነው፣ የማካሮቭ 18፣ ያንተ 19፣ በአይን ስታየው ይመሳሰላል፣ ሼል ሆልደሩም ይቀበለዋል፣ ቂጡ ላይ ያለውን ፅሁፍ እያነበብክ ለያይ። ውስጡ ደረጃ ያለው ቀለህም አለ፣ ወደ ውስጥ ብርሃን አብርተህ ስታየው ግማሹ ላይ ግድግዳው በድንገት የሚወፍር፣ እሱን ጣል፣ የባሩዱን ቦታ ይቀማል። ክብ ውስጥ መስቀል ያለበት የኔቶ ቀለህ ደግሞ ፕራይመሩ ዙሪያ ተጨምቆ የታሰረ ነው፣ ያንን ጠርዝ ሳታነሳ አዲስ ፕራይመር ስትገፋ ግማሽ መንገድ ይቀራል። ከፍ ያለ ፕራይመር የቀለሁ ቂጥ በስላይዱ ፊት ላይ ወደ ላይ ሲንሸራተት ያግደዋል፣ ይሄም ልክ እንዳንተ አይነት ሳይዘጋ መቅረት ያመጣል፣ ከዛም ብሶ ሳይታሰብ ሊተኮስ ይችላል። እያንዳንዱን በጣትህ ዳብሰው፣ ከቂጡ ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ መሰማት አለበት። ቂጡ ጠርዝ ላይ የተቦጨቀ ቀለህ ካለም ኤክስትራክተሩ (ቀለሁን ስቦ የሚያወጣው መንጠቆ) ስር አልገባም ይላል።

ኬዝ ጌጅ የሚባለውን፣ ቀዳዳ ያለው መለኪያ ብረት ማለቴ ነው፣ ግዛ አትግዛ ካልከኝ፣ ለውፍረት ጥሩ ነው፣ ብዙ ጥይት ቶሎ ለማጣራት ይመቻል፣ ግን ያንተን በርሜል ጉሮሮ አያውቅም። ሲዚ ያለው ሰው ጌጁን አልፎልኝ ሽጉጡ እምቢ አለ ሲል የሰማሁት ከዚህ ነው። ለውድድር ወይም ለራስ መጠበቂያ ካልሆነ በርሜሉ ይበቃል። ለራስ መጠበቂያማ የፋብሪካ ጥይት ነው የምይዘው፣ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ፣ 50 ሞዴልና ጥይት በርሜል ውስጥ ጧ ጧ ብለው፣ ሽጉጡ አሁንም ከነከሰ ያኔ ወደ ሌላው እንሂድ። ካዝናዎችህን 1፣ 2፣ 3 ብለህ ቁጥር ፃፍባቸው፣ ሲነክስ የትኛው እንደሆነ መዝግብ፣ ሁሌ አንዱ ከሆነ ሞላው ደክሟል ወይ ከንፈሩ ተጣሟል። ቀለሁ እግርህ ስር ልፍስፍስ ብሎ የሚወድቅ ከሆነና የመጨረሻው ጥይት ካለቀ በኋላ ስላይዱ ተከፍቶ ካልቆመ ጥይቱ ደካማ ነው፣ ስላይዱ ሙሉ ወደ ኋላ ስላልሄደ ቀጣዩን በደንብ አያነሳም፣ መረጃው ከሚፈቅደው ሳታልፍ ባሩዱን ጥቂት ከፍ ታደርጋለህ። ተኩሱ ድምፁ ፒስ ብሎ ከወጣ ግን ወዲያው ቁም፣ ቀጣዩን እንዳትተኩስ፣ አረሩ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፣ ፈተህ በብርሃን እይ።

1911 ያላችሁ ሰዎች ይሄን የምታነቡ ከሆነ ታሪኩ ትንሽ ይለያል። ጆን ብራውኒንግ ያንን ሽጉጥ የነደፈው 230 ግሬን ክብ አፍንጫ ላለው 45 ጥይት ነው፣ ራምፑም በሁለት ክፍል የተሰራ ነው፣ ግማሹ ፍሬሙ ላይ ግማሹ በርሜሉ ላይ፣ በመሀላቸው ትንሽ ክፍተት መኖር አለባት፣ ያቺን ክፍተት ልሙላ ወይ ላስተካክል ብሎ መሞረድ ነው ብዙ በርሜል የገደለው። አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ የ200 ግሬን ኢላማ አረር ስትተክሉ የእርሳሱ ትከሻ ከቀለሁ አፍ የጥፍር ውፍረት ያህል ወጣ ይበል፣ ብዙ ጊዜ በሱ ብቻ ይስተካከላል።

ስለ ሕጉ ሁለት ቃል፣ ያገራችን ልጆች ብዙ ስለማያውቁት። አሜሪካ ውስጥ ለራስህ መሙላት በፌዴራል ደረጃ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ሞልተህ መሸጥ ግን የአምራች ፈቃድ ይጠይቃል፣ ለጓደኛ በርካሽ ሰጠሁት ምናምን ብለህ እንዳትገባበት። የግዛትህን ሕግ ደግሞ ለብቻው እይ። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር መሳሪያም ጥይትም መያዝ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፣ አንድ ጥይት እንኳን፣ እና ይሄ ወረቀትህን ሊያበላሽ ይችላል፣ ስለዚህ በእንዲህ አይነት ቪዛ ያለ የአጎትህ ልጅ ጋራዥ ገብቶ አብሮህ ይሙላ እንዳትል። ኢትዮጵያ ሆናችሁ የምታነቡ ደግሞ በአዋጅ 1177/2012 መሰረት ያለ ፈቃድ መሳሪያም ጥይትም መስራት የተከለከለ ነው፣ ይሄ ፅሁፍ ለእናንተ ለማወቅ ያህል ነው።

እርሳስ እየነካህ እንደሆነም አትርሳ። ፓውደር ኮት ቢሆንም የተተኮሰ ቀለህ ስታጥብ የሚወጣው አቧራ እርሳስ አለው፣ ትንንሽ ልጆች ላይ ነው የሚብሰው። ጋራዡ ውስጥ ምግብ የለም፣ ቡና የለም፣ ስትወጣ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ የስራ ልብስህን ልጅ አቅፈህበት እንዳትቀመጥ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ በርሜሉን አውጥተህ ከነከሱብህ ሦስቱን በማርከር ቀባና ሞክር። ከዛ ሦስት ነገር ፃፍልኝ፣ ቀለሙ የት ጋ ተፋቀ፣ አፉ ላይ ካሊፐሩ ስንት አለ፣ በነፃ መዞር የጀመረው ስንት ላይ ነው። እስከዛ የሞላኸውን ሁሉ አትተኩስ፣ ሳጥኑ ላይ ቀንና ርዝመቱን ፅፈህ ለብቻው አስቀምጠው፣ ረዝሞ ከሆነ ጥይቱን መፍታት ነው እንጂ የተሞላውን ባሩዱ እንዳለ ገፍቶ ማሳጠር የለም።